ቁልፉን የሚያጠፋ ሰው

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወለላዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ሳትደነግጪ አትቀሪም። አትደንግጪ፤ አልታመምሁም፣ ቤቱም አልተቃጠለም፣ የሞተብን ሰውም የለም። ስልክ እያለ ወረቀት ማበላሸት ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ እኮ አንቺን ብቻሽን አግኝቼሽ አላውቅም። ማህሌት ገና «አባዬ ነው!» ስትል ስፒከር ላይ ታደርገዋለች። ልጇ ሔራን ትጮኻለች፣ ትንሹ ወንድሟ ያለቅሳል፣ ሕዝቅኤልም ከሳሎን ሆኖ «ጋሼ እንደምን አሉ?» ይላል። እንዲህ ያለ ደግ አማች ስላገኘን እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን በአማች ፊት ለሚስት ምን ይባላል? ለጉባኤ ንግግር እንደሚያደርግ ሰው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የአስያ ልጅ ተስኒም እዚያው ሐዋሳ ወዳለው ትምህርቷ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች። በእጅሽ ብቻ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ።

ማህሌት ባለፈው ሰሞን «አባዬ፣ ላንድሮቨሩን ሽጠው፣ ቤቱንም አከራይና ወደኛ ና። እማዬም የምትለው ይህንኑ ነው» አለችኝ። «እማዬም የምትለው ይህንኑ ነው» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አንቺ ከኋላ ነበርሽ፤ ሳህን ስታጥቢ ይሰማኛል፤ አንድ ቃል ግን አልተነፈስሽም። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እንድመጣ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ ወይስ ልጅሽ ናት? ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የመኪናውን ነገር ልንገርሽ፤ ያለ እሱ የልቤ ነገር አይገባሽም።

ለልጅቱ እሺ አልኋት። ግን የማይሄድ መኪና ይዤ ገበያ አልወጣም። የሐይቁን ከፍታ ልለካ ስወጣ ጭቃውን እየጣሰ ዕድሜዬን ሙሉ ያመላለሰኝን መኪና እንደ ሬሳ በገመድ አስጎትቼ ላስረክበው? አላደርገውም። «ይኸ እልህህ!» ትያለሽ፤ በይ።

በሽታው እንዲህ ነበር። ጠዋት በብርዱ አንዴ ነካ ሲያደርጉት ይነሣል። ሲሞቅ ግን ያስነጥሰዋል፣ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ድርግም። መስከረም ላይ ጤፍ ልይ ብዬ መሸንቲ ሄጄ ስመለስ መካከል መንገድ ላይ ጥሎኝ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ሲበርድለት ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ተነሣ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ቤንዚኑን ነው። ይኸ በላስቲክ ጠርሙስ እየተሞላ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል ይባላል። ታንከሩን አጠብሁ፣ ካርቡራተሩን ፈትቼ ነፋሁት። ያው ነው። ካንዴላዎቹን ቀየርሁ። አሁንም ያው ነው። የአስያ ባል ሰላሁዲን በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ጋሼ፣ የሚያመው ራሱን ነው፤ እርስዎ ሆድ ሆዱን ያክሙታል!» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ቤንዚኑ ደህና ይደርስ ነበር፤ የጠፋው የሚያቀጣጥለው እሳት ነው።

እሳት ፍለጋ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ቁልፍ ያዞራል፤ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ የካንዴላውን ሽቦ ከብረት አስጠግቶ ብልጭታውን ያያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቀይ ከሆነ ደካማ። መሪው ጋ ያለው ወንበር የአንቺ ነበር። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ሲጮህ ድምፄ ስለማይሰማሽ ኮፈኑን በመፍቻ አንዴ ስመታ ታዞሪያለሽ፣ ሁለቴ ስመታ ታጠፊያለሽ። ሹራብሽን እየሠራሽ፣ ዓይንሽን ከኪሮሽሽ ሳታነሺ። ፑንቲናውን፣ እነዚያን እየተከፈቱና እየተዘጉ እሳቱን የሚወልዱትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች፣ ሳስተካክል ደግሞ «ትንሽ... ትንሽ... በቃ!» ስል «በቃ» ከአፌ ሳይወጣ ታቆሚያለሽ። መኪና አልወድም ትይ ነበር፤ እጅሽ ግን ይወደዋል።

አሁን ማን ያዙርልኝ? አስያን ለመንሁ፤ ምስኪን ሱቋን ዘግታ መጣች። ምልክቱን በደንብ አስረዳኋት፤ «እሺ፣ እሺ» አለች። አንዴ መታሁ፤ አዞረች። ሁለቴ መታሁ፤ አሁንም ታዞራለች። ሦስቴ አራቴ ስመታማ ይባስ አጥብቃ ያዘችው። ሞተሪኖው እንደ በሬ አጓራ።

«አስያ! ኧረ አጥፊው!»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እንዲያ ሲደበድቡት ጊዜ ጨምሪ ያሉኝ መስሎኝ ነው እንጂ! የእናንተን የባልና ሚስት ቋንቋ እኔ በየት ልወቀው?»

ሳቅን። ቁልፉን ስታቀብለኝ ግን ፊቷን መለስ አድርጋ «እትዬ ወለላ መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። «በቅርቡ» አልኋት። ይኸው «በቅርቡ» ማለት ከጀመርሁ ሔራን ሦስት ዓመት ሞላት።

ስትሄጂ ማህሌትን አራስ ቤት ልትጠብቂ ነበር። «ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣ፣ በማግስቱ እመጣለሁ» ብለሽኝ ነበር። ክርስትናው አለፈ። ማህሌት ሥራ ጀመረች። ሠራተኛ ጠፋ። ከዚያ ትንሹ ተረገዘ። ምክንያቱ ሁሉ እውነተኛ ምክንያት ነበር፤ አንዱንም ውሸት አላልሁም። አሁን ትንሹም መዳህ ጀምሯል፣ ሠራተኛም ተገኝታለች። ምክንያቶቹ አልቀው አንቺ ብቻ እዚያ የቀረሽ ይመስለኛል።

ወደ መኪናው ልመለስ። ከአስያ በኋላ ለብቻዬ ያዝሁት። ቁልፉን ከፍቼ እወርድና ፑንቲናውን በካቻቪቴ ፈልቀቅ እያደረግሁ ብልጭታውን አያለሁ። ደከም ያለ ቀይ ነበር። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨውን ቦቢና ብነካው እጄን ለበለበኝ። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳበርደው እሳቱ ተመለሰ። አገኘሁህ ብዬ አዲስ ቦቢና ገዛሁ። ሳምንት አልቆየም፤ እሱም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ፑንቲናውም ጠቁሮ ተበላ። ሌላ ገዛሁ። ዕቃው ሁሉ ውሽልሽል ሆኗል እያልሁ ነጋዴውን ስረግም ከረምሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁልፉን ከፍቼ ስሠራ ስልኩ ከቤት ውስጥ ጠራ። እሑድ የሚደወልልኝ ከእናንተ ብቻ ነው፤ እየሮጥሁ ገባሁ። ያው ጉባኤ ነው፤ ሔራን ዘፈነችልኝ። ከዘጋሁ በኋላ ወዲያው መውጣት አልቻልሁም፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፣ ቤቱ ዝም ሲል ትንሽ እቀመጣለሁ። ስወጣ የመኪናው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። ቁልፉ ክፍት ነበር። ሞተር ሳይነሣ ቁልፍ ክፍት ሲቆይ ቦቢና እንደሚቃጠል ማንም ሾፌር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እሑድ በደወላችሁ ቁጥር ስቀቅለው ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ቦቢና በእርጅና ሞቶ ይሆናል፤ አዲሶቹን የገደልኋቸው ግን እኔ ነኝ። ኮፈን ከፍቼ ስሠራ እድሜ ልኬን ቁልፍ አጥፍቼ ስለማላውቅ፣ አንቺ ታጠፊው ነበርና፣ ለራሴ ማጥፋት አልለመድሁም።

ሰላሁዲን ዕቃ ሊጭን አዲስ አበባ ሲሄድ አዲሱን ዓይነት የእሳት ዕቃ ከቦቢና ጋር እንዲያመጣልኝ ላክሁት። ይኸ ፑንቲና የሚባል የለውም፤ በእሱ ቦታ ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ጥቁር የኤሌክትሮኒክ ዕቃ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ትገባለች። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ቀዩ ከቦቢናው መደመሪያ፣ ጥቁሩ ከመቀነሻው። የሚበላ ብረት የለ፣ የሚለካ ክፍተት የለ። ሻጩ ግን ለሰላሁዲን «ሽማግሌውን ቁልፍ ከፍተው እንዳይተዉት በላቸው፤ ይህችም ትቃጠላለች» ብሎታል። ስለዚህ ቁልፉን በሲባጎ ከቀበቶዬ ጋር አሰርሁት። ከወንበሩ ስወርድ ሳልነቅለው መሄድ አልችልም። አስያ አይታኝ «ጋሼ፣ እንደ ጥጃ ታሰሩ?» አለችኝ። ምን ይደረግ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ቅዳሜ ጠዋት አዞርሁት። በአንዴ ተነሣ፤ ድምፁ ወለም ዘለም የለበትም። መንገዱ ሰላም ነው ስላሉኝ ድልድዩን ተሻግሬ እስከ ሐሙሲት ነዳሁት። ሞቀ፣ አልጠፋም። ዳገት አወጣሁት፣ አልጠፋም። ሐሙሲት ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥሁና ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። ሻይ ላመጣችልኝ ሴት «ከባሕር ዳር እዚህ ድረስ አንዴም አልጠፋም እኮ!» አልኋት። «ምኑ?» አለችኝ። መኪናውን አሳየኋት። «ጎሽ» ብላኝ አውቶቡስ የጣላቸውን መንገደኞች ልታስተናግድ ሄደች።

ወለላ፣ ሰው በደስታው ሰዓት እንዲህ ብቸኛ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ይህን መኪና ለማስነሣት ከእንግዲህ ሁለት ሰው አያስፈልግም። የደከምሁት ለዚሁ ነበር፤ ሲሳካልኝ ግን አልወደድሁትም። ስመለስ ሐይቁ በግራም በቀኝም የሌለ ይመስል ቀና ብዬ ሳላየው ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ገዥው መጣ። አካሉ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ አዲሱን ነገር ላስረዳው ስል «ጋሼ፣ ሞተሩን ተዉት ግዴለም» አለኝ። «እኔ የምፈልገው ለሙሽራ ፎቶ ነው። ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ አቆመዋለሁ። ሞተሩን አውጥቼ ቦታው ላይ ድምፅ ማጉያ አስገባበታለሁ።» እንደ ሬሳ ባስጎትተውም ይወስደው ነበር ማለት ነው! ልቆጣ ፈልጌ ሳቄ መጣ። ከመስከረም ጀምሮ ስለፋ የከረምሁት ለድምፅ ማጉያ መሆኑ ነው።

ከዚያ «በማን ስም ነው?» አለኝ። ረስቼው ኖሬ ነው እንጂ መኪናው የአንቺ ነው። መሥሪያ ቤቱ መኪናውን ሲሸጥ ሠራተኛ ጨረታው ውስጥ እንዳይገባ ስለከለከለ የተጫረትነው በስምሽ አይደለም? «በባለቤቴ ስም ነው» አልሁት።

«እንግዲያ እሳቸው ይፈርሙልን።»

«ሐዋሳ ናት።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ውክልና ይላኩልዎ። ዛሬ ለፊርማ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ ማን ይመጣል?»

ይህንኑ ለማህሌት ስነግራት «ቀላል ነው አባዬ፤ እማዬን ሰሞኑን ውልና ማስረጃ እወስዳታለሁ» አለች። አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። ዝም አልሽ። እኔም «ደህና ዋሉ» ብዬ ዘጋሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከውክልናው ለመቅደም ነው።

ሐዋሳ ተስማምቶሽ እንደሆነ አልፈርድብሽም። የልጅ ልጅ ይጣፍጣል፤ ከእኔ ዝምታም የእነሱ ጩኸት ሳይሻልሽ አይቀርም። ግን ከአንቺ አፍ ልስማው። እኔ እንደሆነ ናፍቀሽኛል። ይህን ቃል ስፒከር ላይ ለማለት አፍሬ ነው ወረቀት ያበላሸሁት። ጠዋት ስነሣ ትናፍቂኛለሽ፣ ለምሳ ስቀርብ ትናፍቂኛለሽ፣ ሰው «እንዴት ናት?» ሲለኝ መልሱን ከልጄ የሰማሁት መሆኑ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ አደራሽን፣ ውክልና አትላኪ። እኔ የምፈልገው ፊርማሽን አይደለም፤ አንቺን ነው። ለመፈረም ነይ። ከፈለግሽ ፈርመሽ አብረን ሐዋሳ እንሂድ፤ ከፈለግሽ ሳትፈርሚ አብረን እዚህ እንቅር። አንቺ ካለሽ ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። ውክልናው ብቻውን ከመጣ ግን መኪናውን ለአካሉ አስረክባለሁ፤ ወደ ሐዋሳ ግን አልመጣም። ልጅቱ እንዳታዝን «አባትሽ ከሐይቁ መለየት አቃተው» በያት። አንቺ ወዳልጠራሽኝ ቤት አልገባም። አልወቅስሽምም።

የሔራንን ጉንጭ ሳሚልኝ። ትንሹን እግዚአብሔር በቁመትና በዕድሜ ያሳድገው። ሕዝቅኤልን ሰላም በይልኝ፤ ልጄን ይዞልኛልና ፈጣሪ ቤቱን ይሙላለት። አንቺንም በሐይቁ ላይ ያሉት ገዳማት ጸሎታቸው በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ። ጉልበትሽን ብርድ አታስመቺው።

ባልሽ
አንዳርጋቸው

የምትመጪ ከሆነ ቀኑን አስቀድመሽ አትንገሪኝ። ቀኑን አውቄ ሳትመጪ ከቀረሽ ያን ዕለት ማለፍ አልችልም።