ቀይ ቀለበት ስለተደረገበት አውራ ዶሮዬ

ለተከበሩ የዶሮ ዝርያ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የምራቴ ነው። ምራቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጽሕፈቷም እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው ይላሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና የሰው ምስክርነት ተቀብያለሁ። ቃሉ ግን ከአፌ የወጣ ነው። ቅር የሚያሰኝ ነገር ካገኙበት ቂሙን በእኔ ያድርጉት፤ እሷ ገና ልጆች የምታሳድግ ናት።

ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና ነው? ስለ ዓይን ለብቻው የጠየቅኩበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ዓይኔ ግን እስከ ዛሬ ጫጩት ከጫጩት ይለያል።

አስቀድሜ ላመስግንዎት። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ዶሮ ሳረባ ዶሮዎቼ ምን እንደሆኑ የነገረኝ ባለሥልጣን አልነበረም። የእርስዎ ባለሙያ ግን ከመኪናቸው ወንበር ሳይነሡ፣ ሞተሩንም ሳያጠፉ፣ ለእያንዳንዱ ዶሮ የመጸለያ ጊዜ እንኳ ሳይሰጡ ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት አይቼ አላውቅምና እግዜር ይስጥልኝ። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ። ባለሙያው የመጡት ዶሮ ላባዋን በምታራግፍበት ወር ነው። አውራ ዶሮዬ በዚያ ሰሞን ጅራት የለውም፤ አንገቱም ተላጭቶ የታመመ ይመስላል። ባለሙያው በፕላስቲክ የተለበጠውን የዶሮ ስዕል በአንድ እጃቸው፣ ማስመሪያ በሌላው እጃቸው ይዘው በመስኮት አዩትና «አባት፣ ይሄ ድቅል ነው፤ ስዕሉ ላይ ያለው ጅራቱ ሙሉ ነው» አሉኝ። «ልጄ፣ ላባ የሚያራግፍበት ወር እኮ ነው» ብላቸው «ወር የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም» ብለው ቀይ ቀለበት ሰጡኝና እኔው ራሴ በእግሩ አጠለቅኩለት። ዘጠኙ ሴቶችም እንዲሁ። እርስዎ ፀጉርዎን በተቆረጡ ማግስት መልክዎ ከመታወቂያዎ ፎቶ ጋር አልመሳሰል ቢል ዝርያዎን የሚጠራጠር ሰው እንዳይገጥምዎት እጸልያለሁ።

ሁለተኛ። ነጩ ቀለበት፣ ማለትም የንጹሕ ዝርያ ቀለበት፣ ለጎረቤቴ ለባለ ወፍጮው ጥንድ ዶሮዎች ተሰጠ። ከምስክር ወረቀትና ከማኅተም ጋር። እዚህ ላይ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ይታገሡኝ። ባለፈው ዓመት ሥጋው የሚበዛ ዶሮ ላግኝ ብዬ ከዶሮ ፋብሪካ የመጣች አንዲት ቀይ ቄብ ገዛሁ። ከሌሎቹ ለይቼ፣ በሽቦ አጥሬ፣ ከአውራ ዶሮዬ ጋር አገናኘኋት። የተፈለፈሉት አድገው ግዙፍ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቁ ሆኑ። የመጀመሪያ ድቅል ሁልጊዜ እንዲያ ነው፤ ከአባቱም ከእናቱም ያምራል። ዝርያ ለማትረፍ ሳይሆን ለድስት ያሰብኳቸው ነበሩ። ባለ ወፍጮው ሳንባውን ታሞ በተኛ ጊዜ ከእነዚያ ውስጥ አንድ ወንድና አንድ ሴት «ለሾርባ ይሁንህ» ብዬ ሰጠሁት። እሱ ግን ውበታቸው አሳዝኖት ሳያርዳቸው ዳነ። እንግዲህ ያ ሾርባ ነው ዛሬ በእርስዎ ማኅተም የተከበረው። ባለ ወፍጮው ራሱ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «አባባ፣ አንተ የሰጠኸኝ እኮ ናቸው፤ ምን ላድርግ?» ብሎኝ ሁለታችንም ከልብሱ የረገፈው ዱቄት እስኪያስነጥሰን ሳቅን።

ሦስተኛ። ከቀለበቱ በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤዎ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ቀይ ቀለበት ያላቸው ወንዶች ሁሉ እንዲታረዱ፣ በየግቢው ያሉ ሴቶችም በባለ ወፍጮው አውራ እንዲረገጡ ያዛል። በዚያው ገጽ ደግሞ ቅሬታ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቅርብ፣ መልሱን በሠላሳ ቀን ያገኛል ይላል። በዚያው ዕለት አቤት ብል እንኳ አውራ ዶሮዬ በታረደ በአስራ አምስተኛው ቀን መልሱን ስለሚያገኝ በእርሱ ስም አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለቤቴ ወደዚህ ቤት ስትመጣ ሦስት ዶሮ በቅርጫት ይዛ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ደም አልገባባቸውም። አንድ ጫጩት መልኩን ለውጦ ከተፈለፈለ እሷ ራሷ ለይታ ለድስት ታሳድገው ነበር፤ «ይሄ እንግዳ ነው» ትላለች፣ በቃ። እሷ ካረፈች አስራ አንድ ዓመት ሆናት። ወንዱ ከታረደና የባለ ወፍጮው አውራ በሴቶቹ ላይ ከወጣ በአንድ ክረምት ያልቃል፤ ሌላ ቦታ የለም፣ ተመልሶም አይገኝም። ይህን ስነግራት ምራቴ «አባባ፣ ይሄን ለስለስ አድርገን እንጻፈው» አለችኝ። ለስለስ ያለው ይኸው ነው።

የእርስዎ ባለሙያ ላባና ጅራት ይለካሉ። እኛ ባለቤቴና እኔ የምናውቀው መለያ አንድ ነው፦ አስታቅፎ መጠበቅ። ንጹሕ ዶሮ ራሱን ይወልዳል። ድቅል ግን የደበቀውን ሁሉ በልጆቹ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ ቀለበቱ በተደረገ በማግስቱ፣ ደብዳቤዎ ሳይመጣ፣ ከራሴ ዶሮዎች አስራ ሁለት እንቁላል ለአንዷ፣ ከባለ ወፍጮው ባለ ማኅተም ጥንድ ደግሞ አስራ ሁለት ለሌላዋ አስታቀፍኩ። በአሥረኛው ቀን ደብዳቤዎ ደረሰ። እንቁላል ደብዳቤ አያነብምና በሃያ አንድ ቀኑ፣ ማለትም ዛሬ ጠዋት፣ ተፈለፈለ።

የእኔዎቹ ሁሉም ወጡ። አስራ ሁለቱም ቡናማ ጀርባ፣ በጀርባቸው ላይ ሁለት ብጫ መስመር፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ክር ማሰር ያስፈልጋል። ድቅል ከተባለ አባት ስለወጡ ግን እነርሱንም ሲያድጉ የሚጠብቃቸው ቀይ ቀለበት ነው። ከባለ ወፍጮው እንቁላል አንዱ መከነ፤ አስራ አንዱ ወጡ። ምራቴ መልካቸውን ልትጽፍልኝ ጀምራ ነበር፤ ብጫው፣ ነጭማው፣ ቀዩ፣ አናቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ ባለ መስመሩ እያለች ስድስተኛው መልክ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች። ሴትዮዋ ጨርቅ በቀለም ለይታ የምታድር ናት፤ እሷን ያሳቀ ነገር ቀላል አይደለም።

አሁን አራት ቀን ቀርቶኛል። የምጠይቅዎት ካሣ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። ቢላዋው ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰው ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጫጩቶቹ ያሉባቸውን ሁለቱን ቅርጫት ይመልከት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብዎት ብዬ ነው እንጂ የእርስዎን ጊዜ ለማባከን አይደለም። ሰው ካልመጣ አውራ ዶሮዬን የሚያርድ ሰው አብረው ይላኩ፤ እኔ አላርደውም፣ በዚህ ቤት ያለ ሰውም አያርደውም።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ በመሆኑ አንዱ ቅጂ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። እህል ሊያስፈጭ የሚመጣ ሰው ተራ ሲጠብቅ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል።

ረጅም ዕድሜ፣ ብሩህ ዓይንና የማይከዳ ጉልበት እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ሁሉን ለሚያውቁት ለእርስዎ ባለኝ ከፍ ያለ አክብሮት፣ በፊርማ ፈንታ የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜአለሁ፣

ዶሮ አርቢው ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ ከሁለቱ ቅርጫት አንዱን ራሴ ላቀርብልዎት ወስኛለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መተንፈሻ የተበሳሳ ካርቶን ይደርስዎታል፣ ሌላውን እዚህ መጥተው ያዩታል። ውስጡ ያሉት የባለ ማኅተሙ ጥንድ ልጆች፣ አስራ አንዱም፣ ናቸው። አብራቸው ያለችው እናታቸው አይደለችም፤ የታቀፈቻቸው ናት፣ ቀይ ቀለበት ካደረጉላቸው አንዷ፣ እጅ ትነቁራለችና ይጠንቀቁ። ውሃ ይስጧቸው፣ ከንፋስም ያርቋቸው። የንጹሕ ልጅ ንጹሕ ነውና አስራ አንድ ነጭ ቀለበት አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ማኅተሙ የእርስዎ ነው።

በይ እንግዲህ ልጄ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያለዘብሽው ካለ አውቀዋለሁ።