ሁለቱ ትልልቆች ወይስ አንዷ ትንሽ

ሰኞ

ለዛሬ ሁለቱ ትልልቆች አሸነፉ። ሄሉ ሰፈር የመኪና ድምፅ ማጉያ የሚገጥመው ባለሙያ፣ ፉንዲ ሙሳ፣ ሳምንቱን ሞክራቸው ብሎ ከመኪናዬ ኋላ አስሮልኛል። ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ የሚያጎሉ ሁለት ሰብዉፈር፣ ባለ አሥራ ሁለት ኢንች፣ በአንድ ግዙፍ ሳጥን። ሌላው ምርጫ ከወንበር ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ነበረች። ሳያት ምሳ ዕቃ መሰለችኝና ሳቅሁባት።

ሙሳ ግን አልሳቀም። "ትንሿ ውስጥ ላለው ሰው ናት፤ ትልልቆቹ ለመንገዱ ናቸው። ሳዋ? እሺ? አስብበት" አለኝ።

እኔ የምፈልገው መንገዱን ነው። ስንት ዘመን በዚህች መኪና ሰው ሳመላልስ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከዳበል መንደር በኩል ስመለስ ከፈትኩት። ቤዙ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ሰፈሬ ማንያታ ስደርስ የቤቶቹ ቆርቆሮ አብሮኝ ዘፈነ። እንዴት እንደ ገባሁ አላስታውስም።

ማክሰኞ

ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቴ ይደክማል። ሳጥኑ የዕቃውን ቦታ ስለ ያዘው አንዲት ተሳፋሪ እስከ ዳበል ድረስ የስኳር ከረጢቷን ታቅፋ ሄደች። ስትወርድ ደህና ዋል እንኳ አላለችኝም። ሌላውን ደግሞ በሐሳብ ነጉጄ መውረጃውን አሳለፍኩት፤ ወደ ኋላ ተመለስኩለት። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቱን መደበቅ አልችልም።

ማታ ስገባ አያቴ እንደ ማለት አኮ የምላት የጎረቤቴ የቃባሌ ግቢ በዕቃ ተሞልቷል። ሳፋ፣ ባልዲ፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ጭራሽ ማንቆርቆሪያ። ሁሉም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተደርድሯል። ልብስ ልታጥብ ነው ብዬ አለፍኩ።

ረቡዕ

ልብስ አይደለም።

እናቴ ከሞተች ወዲህ በልተሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አኮ ቃባሌ ብቻ ናት። አንድ ልጇ ጉዮ ከብቶቹን ይዞ ከዳበል ወዲያ፣ ስልክ ከማይሠራበት ቦታ፣ ሣር ፍለጋ ከሄደ ቆይቷል። ሲለያዩ፣ ዝናብ ሲመጣ እመጣለሁ ብሏታል።

ዛሬ ጠዋት ከባዶዎቹ ሳፋዎች አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። የጉዮን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታለች።

"ሰማዩ ሁለት ቀን አጉረመረመ፣ አልሰማህም?" አለችኝ። "ከዳበል በኩል ነው። ሮባው፣ ዝናቡ፣ መጥቷል። ልጄም እየመጣ ነው።"

ቀና ብዬ አየሁ። አንድ ደመና የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። በሁለቱም ቀን ያጉረመረምኩት እኔ ነኝ።

ይሆናል አልኳትና ሄድኩ። ፈሪ።

ሐሙስ

ከተማ ውስጥ አልከፈትኩትም። ከከተማ ወጥቼ ሜዳው ላይ፣ ማንም በሌለበት አቁሜ፣ እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ግመሎች አንገታቸውን አቀኑ። አቧራው በኮፈኑ ላይ እየዘለለ ይጨፍራል። ዓይኔን ጨፍኜ ዝናብ ነው ብዬ ራሴን ልሸውድ ሞከርኩ፤ ለጥቂት ጊዜም ሆነልኝ። አኮ ቃባሌ ላይ አልፈርድም።

ማታ ነገርኳት። መኪናው ድረስ አምጥቼ እጇን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ቀስ አድርጌ ከፈትኩት።

"ይኼ ነው?"

"ይኼ ነው አኮ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሳፋዎቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ እያደረገች ሰበሰበች፤ ፍራሹንም አስገባች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "ከእንግዲህ ሰማዩ ቢጮህ አንተ ነህ እላለሁ" አለችኝ።

ዓርብ

ሳጥኑን መለስኩ። ሙሳ ለምን ብሎ ስላልጠየቀኝ አመሰግነዋለሁ። ትንሿን ከወንበሩ ሥር ገጠመልኝ።

መጀመሪያ ምንም የለም ብዬ ላማርር ነበር። ቀስ ብላ መጣች። ዘፈኑ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሆነ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ዘፈን ላይ ቤዝ ጊታሩን የሚመታው ሰው ጣቶቹ ሲንሸራተቱ ዛሬ ገና ሰማሁ። መንገድ ላይ ማንም ዞር አላለም። ትንሽ ከፋኝ፤ ብዙም አይደለም። የተሳፋሪዎቹም ዕቃ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ መኪናዬን አቁሜ ጥላ ሥር ጋደም ብዬ ነበር። ከዳበል በኩል ጉርምርምታ መጣ። ሞኝነቴ፣ ተነስቼ መኪናዬን አየሁ። ቀጥሎ ነፋስ፣ የረጠበ አፈር ሽታ።

ሮጬ አኮ ቃባሌ ቤት ገባሁ። ባቄላ እየለቀመች ነው። ቀና እንኳ ሳትል፣ "ዝጋው" አለችኝ።

ከኪሴ ቁልፉን አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት።

"ሞተሩ ጠፍቷል አኮ። ቁልፉ ይኸው።"

ቁልፉን አየችው። ሰማዩ ደገመው። ባቄላውን ከጭኗ አውርዳ ተነሳች፤ ሳፋዎቹን አብረን አወጣን። ጥቂት ጠብታ ቆርቆሮውን መታና አቆመ። ዳበል ላይ ይዝነብ አይዝነብ አናውቅም። የጉዮ ስልክ አሁንም አይጠራም። ፍራሹን ግን አንጥፋለታለች።

ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ቀጥሎ የምትሰማው ጉርምርምታ እኔ አለመሆኔን ማወቅ ትፈልጋለች። መልሺልኝ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ነገ በእግሬ እሄዳለሁ።