መሐሉን ቆርጠው መጨረሻውን ላስቀደሙልን ጓድ

ሚያዝያ 12 ቀን 1973 ዓ.ም.
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ

ለተከበሩ ጓድ ቦጋለ፣
የቀበሌያችን የባህልና የቅስቀሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ወገብዎን እንዳልያዘው ተስፋ አለኝ። እኔ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ የዓለምወርቅ፣ «ሂሳችሁን ያለ ፍርሃት በጽሑፍ አቅርቡ» ብለው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በለጠፉት ግብዣ ተደፋፍሬ፣ ይህችን ደብዳቤ ከግብዣዎ ጎን ለጥፌያታለሁ።

እንደሚያውቁት ለጎልማሶች ክፍሌ አንድ ታሪክ ጽፌ ነበር። ማሚቴ የምትባል እናት፣ ከጦር ግንባር ልጇ ደብዳቤ ይልክላታል። ማንበብ ስለማትችል ጎረቤቷን ታስነብባለች፤ እሱ ግን ያልተጻፈውን እያነበበ ያታልላታል። ትጠረጥራለች፣ ፊደል ትቆጥራለች፣ በመጨረሻም ደብዳቤውን ራሷ ታነበዋለች። በሳምንት አንድ ገጽ ብቻ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸው ነበር። ባለሱቋ አይሻ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። ሸማኔው ሾዴ ደግሞ «ያ ሰውዬ ምን ደብቋት ይሆን?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ከርሞ፣ ቀጣዩን ገጽ ከሰው ቀድሞ ለማንበብ ሲል ብቻ ፊደሉን ጨረሰ። ሠላሳ ስምንት ተማሪ ነበረኝ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ እርስዎ ታሪኩን አርመው፣ አባዝተው አሳደሉልን። ስለ ድካምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን አለው፤ ሦስት ነው።

1ኛ/ «ሰፊው ሕዝብ በጥርጣሬ መንገላታት የለበትም» በማለት መጨረሻውን ወደ መጀመሪያው ገጽ አመጡት። እነሆ ታሪካችን «ማሚቴ ደብዳቤውን አነበበች፤ ልጇም ደህና ነው» ብሎ ይጀምራል። ሾዴ ይህን እንዳነበበ «እሰይ፣ ደህና ከሆነማ ምን ቀረ!» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ሽመናው ተመለሰ። ከመንገላታት ስላሳረፉት እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ/ «በቀበሌያችን ውሸታም ጎረቤት የለም» ብለው ጎረቤቱን ሰረዙት። በእኛ ላይ ያለዎት እምነት ያኮራል። ሆኖም የሚያታልላት ሰው ሲጠፋ፣ ማሚቴ ፊደል የቆጠረችበት ምክንያትም አብሮ ጠፋ። አይሻ «ታዲያ ምን ቸግሯት ተማረች?» ብላ ጠየቀችኝ።

3ኛ/ በተረፈው ባዶ ቦታ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን የግማሽ ዓመት ሪፖርት አስገቡበት። ግሩም ሪፖርት ነው፤ ማሚቴ ግን የለችበትም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ተማሪ ብቻ ቀረኝ። ሾዴን ፍለጋ ቤቱ ድረስ ብሄድ፣ ከሸማው ቀና ብሎ «አይቀየሙኝ እትዬ፤ ጓድ ድሩን መዘው አወጡና ማጉን ብቻ ሰጡን። ይሄ ምኑ ይለበሳል?» አለኝ። ስንት ወር የለፋሁበት ነገር ነውና፣ አልደብቅዎትም፣ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

በማግስቱ ግን አይሻ ከዘጠኙ መሐል ተነሥታ «ጓድ የቆረጡትን መሐል እኛው ለምን አንጽፈውም?» አለች። ጻፉት። አንዷ ደብዳቤውን ወንዝ አስወሰደችው፤ አንዱ ደብዳቤ አመላላሹን አሳመመው። ወሬው ሲሰማ የቀሩትም «እኛም የራሳችን አለን» እያሉ ተመለሱ፤ ሦስት አዲስ ተማሪም ጨመሩልኝ። ባለፈው ዓመት በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረው ሾዴ ሦስት ገጽ ጽፎ አነበበልን። ሲጨርስ ሁሉም ባንድ ድምፅ «ከዚያስ?» አሉት። ጓድ ቦጋለ፣ የታሪክ አሠራር ማለት ይህቺ «ከዚያስ?» ናት። እርስዎ ስለቆረጧት አርባ አንድ ሰዎች ዋጋዋን አወቁ፤ እኔ በስድስት ወር ማስተማር ያልቻልኩትን እርስዎ በአንድ ስርዝ አስተማሩ።

የታሪክን መጀመሪያ ከመጨረሻው ለይተው እስኪያውቁ ድረስ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣ ለእርማትዎ ዘወትር ባለዕዳ የሆንኩ፣

የዓለምወርቅ

ተጨማሪ፦ ተማሪዎቼ በማሚቴና በደብዳቤዋ መካከል የሚቆም ሰው አስፈልጓቸው ነበር። ጎረቤት በእርስዎ ትእዛዝ ስለተከለከለ፣ ሃያ ስድስቱ የኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገውታል። ስሙን አንዳቸውም አልጻፉም፤ የወርቅ ጥርሱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን ሁሉም ተስማምተዋል።