አልሙኒየም አትይዝም የተባለችው ማጠፊያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ እንዲያውም በጣም ደህና ነኝ። አንተ እንቅልፍ እንዳጣህ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ጤናህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። ባለቤትህንና ልጆችህን ግን ከልቤ ነው የምጠይቀው። እነሱ ምን አጠፉ?

ትናንት ባለቤትህን ልከህብኝ ነበር። ምስኪን፣ የነጠላ ጫማዋን አፍንጫ እያየች፣ የላሜራ ማጠፊያ ማሽኗን ለጥቂት ቀን አውሺው ብሏል፣ የአባቱ ዕቃ ናት፣ ደግሞም ወንድምሽ ነው፣ ሥጋ አይቆረጥም አለችኝ። ወንድምሽ! እሷን አልተቆጣኋትም፤ አንተ ያልከውን አታውቅም። ውሃ አጠጥቼ ሸኘኋት። መልሱን በደብዳቤ ያደረግኩት ፊት ለፊት ከተገናኘን በእጄ ያለውን መዶሻ ስለማላምነው ነው።

ንብረት የተካፈልንበትን ቀን እስቲ ላስታውስህ፣ አንተ ቶሎ ትረሳለህ። አባባ ከተቀበረ ገና አፈሩ አልደረቀም። ሽማግሌዎቹ ወርክሾፑ ውስጥ በርሜል ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እኔ ለስምንት ዓመት ከአባባ ጎን ላሜራ ስቆርጥና ሳጥፍ የኖርኩ፣ ድርሻዬን ብዬ አፌን ስከፍት አንተ ተነሳህ። ይህች ልጅ የአባቴ ልጅ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለ፣ እናቷ ቤታችን ስትገባ ሆዷ ባዶ እንዳልነበር ሰፈሩ ያውቃል አልክ። ሰፈሩ! ሰፈሩ የሚያውቀው የእኔ እናት አንተን እናትህ ስትሞትብህ ከነንፍጥህ ተቀብላ፣ አዝላ፣ ነክሳ አጉርሳ ማሳደጓን ነው። ሽማግሌዎቹም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ነገሩን ለማብረድ ትንሽ ነገር ስጣት አሉህ።

እኔ ያኔ እግርህ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ከአባባ ሁለት ማጠፊያዎች ትልቁን ስጠኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ በማግኔት የምትሠራዋን ብቻ አትስጠኝ ብዬ ለመንኩህ። አንተም ደስ አለህ። የአልሙኒየም ሉህ አምጥተህ የማግኔቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋህና ቁልፉን ተጫንክ። ከዚያ ሉሁን በአንድ ጣትህ ገፋ ስታደርገው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ይኸው፣ ማግኔት አልሙኒየም አይስብም፣ የሽማግሌ መጫወቻ ናት፣ ትውሰዳት አልክ። ሁሉም ሳቁ። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ እሺ አልኩ።

እንባዬ የእውነት ነበር ወንድም ጋሼ። ልመናዬ ግን አልነበረም። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ዓይኔን የጣልኩበትን ሁሉ አንተ ስትነጥቀኝ ነው ያደግነው፤ ታዲያ የምፈልገውን እነግርህ ኖሯል?

ስወጣ ደግሞ የወርክሾፑን በር የደገፍክበትን ረጅም ብረት አየሁና ይህችንስ ልውሰዳት ብዬ ጠየቅኩህ። ውሰጃት፣ ለቤትሽ በር ትሆንሻለች አልክ። እጅህ አይድረቅ! ያ ብረት የማሽኗ ግማሽ አካል ነበር። አባባ ክንዱ ደክሞ ትልቁን ማጠፊያ መጫን ሲያቅተው ነው ማግኔቷን የገዛት፤ አንተ ያኔ በጭነት መኪናህ አገር ላገር ትዞር ነበር፣ ሲሠራባት አላየህም። ላሜራው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ያ ብረት ከላዩ ይጋደማል። ቁልፉ ሲነካ ማግኔቱ የሚስበው ላሜራውን ሳይሆን ከላይ ያለውን ብረት ነው። መሃል ላይ የገባ ነገር አልሙኒየም ይሁን መዳብ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ እጀታውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል።

አሁን ወዳንተ ጣጣ ልምጣ። ዳቦ ቤቱ ሞተር ሳይክል ላይ የሚጫኑ የዳቦ ማመላለሻ የአልሙኒየም ሣጥኖች እንዳዘዘህ አውቃለሁ። የእያንዳንዱ አራቱም ጎን ከአንድ ሉህ ታጥፎ እንዲመጣ ነው የፈለጉት፣ ዝናብ እንዳያስገባ። ሦስቱን ጎን ታጥፋለህ፤ አራተኛውን ስታጥፍ ሣጥኑ የትልቁን ማጠፊያ መንጋጋ አቅፎ ይቀራል፣ ሳትቀደው አይወጣም። ቆራርጠህ በሪቬት ምስማር ብታያይዘው ደግሞ ዳቦው ረጠበና መለሱልህ። እኔ ጋ ቁልፉን ስለቀው ማግኔቱ ይለቃል፣ ብረቱን በጎን ሳብ አድርጌ ማውጣት ነው። ይኼው ነው ምስጢሩ። በነፃ ነገርኩህ፤ ማሽኗ እኔ ጋ ስለሆነች ዕውቀቱ አይጠቅምህም።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ባለፈው ሳምንት እዚህ መጥቶ ነበር። ናሙና አጠፍኩለት። ውሃ ሞልቶ ሲያየው ጠብ አላለም። የቀሩትን ሣጥኖች ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን የአንተን መልስ እየጠበቀ ነው፤ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ቃል ስለገባልህ እስከ ሰኞ ታግሶሃል። ይህ ሥራ ከእጅህ ከወጣ የወርክሾፑን ኪራይ እንደማትችል አውቃለሁ። የአባባ ቦታ እንደሚዘጋም አውቃለሁ። ያንገበግበኛል፣ አልዋሽህም፤ ግን ላንተ ብዬ አይደለም።

እናቴ ሰላም ብላሃለች። ባለቤትህ ስትመጣ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበርና ሁሉን ሰማች። ከዚያ ወዲህ እያኮረፈችኝ ነው። ምን ሆነሽ ነው ለወንድምሽ የምትጨክኚው፣ በኩሬን አስርበሽ ልትገድዪው ነው ወይ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ ትለኛለች። ማታ ምግቧን ሳትነካ ተኛች። ያን ቀን አንተ ስላወራኸው አንዲት ቃል እስካሁን አልነገርኳትም። ክፉዋ እኔ ነኝ፣ የተበደልከው አንተ ነህ፤ በእሷ ዘንድ እንዲህ ሆኖ ይቀመጥ።

ግን ማሽኗን ከፈለግካት መንገዱ ክፍት ነው። እሁድ ናና እናቴ አጠገብ ተቀመጥ። ለምን እንደከለከልኩህ ስትጠይቅህ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ያልከውን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ዓይኗን እያየህ ንገራት። እኔ አልናገርም፣ ከጎን ሆኜም አላግዝህም። ጨርሰህ ስትነሳ ማሽኗን ከነብረቷ በራሴ እጅ መኪናህ ላይ እጭናታለሁ፣ ሣጥኖቹንም አብሬህ አጥፋለሁ። ካልመጣህ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሥራውን እረከባለሁ።

እሁድ እንደጠራሁህ ስለነገርኳት እናቴ ከአሁኑ ትመጣለህ ብላ የምትተኛበትን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። ትራሱን ከፍ አድርጉለት፣ ዝቅ ሲል አንገቱን ያመዋል እያለች ነው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ልጆችህንም ያሳድግልህ፣ አንተን እንዳሳደገችህ ሴት አድርጎ።

የአባትህ ልጅ