ቀኑ የማን ነበር

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድና ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ጣሰው ገላው
ላይ ጋይንት

ውድ አጎቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? አዝመራው እንደምን ገባ? ምርቱ ከአውድማ ሲነሣ በረከት ነበረው? እናቴ ውባለም ሆይ፣ እንደምን ነሽ? ቁርጥማቱ ተወሽ ወይስ ዘንድሮም ጠበል መውረድ ግድ ሆነብሽ? አያቴ እመት ታንጉት፣ ዓይንዎ እንደምን ሆነ? ምርቃትዎ እዚህ ድረስ ይከተለኛል። እትዬ ፈትለወርቅ፣ እንዴት ከርመሻል? የጀመርሽው ጋቢ ተሸምኖ አለቀ? እኅቴ ብርቄ፣ እንዴት ነሽ? የተዳርሽበት አገር ውርጩ አልጠናብሽም? ይህን ደብዳቤ ከደብረ ታቦር ተቀብሎ በበቅሎው የሚያደርስልኝ ነጋዴው ሷሊህና ባለቤቱ ዚነት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ልጃችሁ ሰልማ አደገች? እኔ ከናፍቆትና ከአንድ ነገር በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

የኔታ ወልደማርያም ሆይ፣ አጎቴ ይህን ደብዳቤ ቤተ ልሔም ደብር ድረስ ይዘው መጥተው የሚያነቡላቸው እርስዎ እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚህ ያለውን ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ቤተ ዘመድ ሰምቶ ይርካ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ሌላው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ለአጎቴ ብቻ ያንብቡላቸው። ማሸጊያው ላይ በአውራ ጣቴ የተጫንሁት ሰም አለ። የጣቴ ምልክት ጠፍቶ ከሆነ ደብዳቤው በመንገድ ተከፍቷል ማለት ነውና፣ ከመቀጠልዎ በፊት ይመልከቱልኝ።

እንግዲህ አጎቴ፣ ሦስታችን ብቻ ቀርተናል።

የዩኒቨርሲቲው መምህር ዶክተር ኃይለ ሚካኤል ከእስቴ ተነሥተው፣ በወገዳ ገበያ አልፈው፣ የገብስ ዘር እየለቀሙ እኛ አውድማ የደረሱበትን ቀን ያስታውሳሉ። ከየክምሩ ዛላ እየመዘዙ በትንንሽ ከረጢት ሲከቱ እርስዎ አይተው፣ «ዶክተር ነኝ የሚለው ሰውዬ የታመመ ገብስ ሊያክም መጣ እንዴ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት። ማታውን ግን ገብስን ከገብስ የሚለይና መጻፍ የሚችል ጎልማሳ እንደሚፈልጉ ሲነግሩን፣ ገፋ አድርገው ያቀረቡኝ እርስዎ ነበሩ። ያለ ዋስ ሰው አይቀጠርም ስለ ተባለም፣ «ወርቁ ቢያጠፋ፣ ቃሉንም ቢያጥፍ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብለው አውራ ጣትዎን አተሙ። መያዣ አድርገው ያስጻፉትም ያለዎትን አንድ በሬ፣ ዳልቻውን ነው። ጭንቀቴ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ጣት ስለ ሆነ ነው ነገሩን ከሥሩ መጀመሬ።

እኔ እዚህ ስመጣ ያደርሁት ለዩኒቨርሲቲው መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜን ልቀበል ስቀርብ ግን የሒሳብ ሹሙ አቶ አስናቀ ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ፣ «አንተ የዩኒቨርሲቲው ሰው አይደለህም፤ የገብሱ ሰው ነህ» አሉኝ። ለካ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ማኅበር ለገብሱ ምርምር ብቻ የሚውል ገንዘብ ይሰጣል። በዚያ ገንዘብ የሚከፈለው ገብሱ ላይ የዋለ ቀን ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ለሌላ ጉዳይ ያዋለው ቀን ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ሊከፈል ይገባል። ጸሐፊዋ ካሣነሽ ደግሞ የመምህራኑን ነገር አስረዳችኝ፤ ትምህርት ባለበት ወራት ደመወዛቸው ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ገብሱ ላይ ከሠሩ፣ ከገብሱ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። «አንድ ሰው ላንድ ቀን ሁለት ደመወዝ አይበላም» አለችኝ።

እኔም በልቤ፣ ይህ መቀናጆ ነው አልሁ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች ጠምደው ሲያርሱ፣ ዛሬ ያንተ ቀን፣ ነገ የኔ ቀን ተባብለው እንደሚከፋፈሉት ማለት ነው። ነገሩ ገባኝ፤ ስለ ገባኝም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም።

ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት የገብሱን መደብ ማረም እጀምርና ፀሐይ ሳትከር እጠራለሁ። አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ቤት አጥር ፈርሷል፤ አንድ ቀን የእንግዳ ማረፊያው ሣር ይታጨድ፤ አንድ ቀን ለምግብ ቤቱ እንጨት ይፈለጥ። አንዳንድ ሳምንት ገብሱን የማየው ውሃ ልጠጣ ሳልፍ ነው። ዶክተሩንም በክረምቱ፣ ከገብሱ በሚከፈላቸው ወራት፣ መደቡ ዳር አላየኋቸውም ብል ሐሰት አይሆንብኝም። ከተማ ተቀምጠው ለተማሪ የሚሆን መጽሐፍ ይጽፋሉ ይባል ነበር። ምናልባት ስለ ገብስ ይሆናል የሚጽፉት፤ እኔ ምን አውቄ። ግን አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ከገባ በኋላ፣ አጎቴ፣ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ለምን ሰጠኝ ያሰኛል።

በኅዳር ማለቂያ ከባሕር ማዶ ጥያቄ መጣ። በገብሱ ገንዘብ የሚከፈለው ሁሉ፣ ከመምህር እስከ አራሚ፣ ከጊዜው ምን ያህሉን ለገብሱ እንዳዋለ ቃሉን ሰጥቶ ይፈርም የሚል ነው። ዶክተሩ መደቡ ድረስ መጥተው ጠሩኝ።

«ወርቁ፣ ይህ የደንብ ነገር ነው። መቶ በመቶ ገብስ ብለህ ፈርም።»

«ጌታዬ፣ አጥሩንስ ማን አጠረው ልበል?»

«ገብሱ አጠረው በላ!» ብለው ሳቁ። እኔ አለመሳቄን ሲያዩ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «አትፍራ። አጎትህ ዋስህ አይደሉም? እኔና እሳቸው ተግባብተናል።»

ከዚያች ቀን ወዲህ፣ ተግባብተናል የምትለው ቃል እንደ እንክርዳድ ራሴን ታዞረዋለች።

በታኅሣሥ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የገብሱ ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ጠዋት አዳራሽ ይሰብሰብ፤ የቀረ ይቀጣል ይላል። እኔም ወዲያው አፈርሳታ መሆኑን አወቅሁ። አገራችን ውስጥ ነገር ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም አይደል? ስለዚህ ቆሎ ቆላሁ፤ ውሃ በቅል ሞላሁ፤ ጋቢዬን ጠቅልዬ አዳራሹ በር ደረስሁ። ካሣነሽ ስታየኝ አፏን ይዛ፣

«ወርቁ! ክተት ታወጀ እንዴ?» አለች።

«አውጫጭኝ አይደለም ወይ? ሌባው ሳይወጣ ማን ቤቱ ይገባል?»

«ኧረ ወዲያ! እዚህ ምን ሌባ አለ?»

«ሌባ ከሌለ ለምን ተሰበሰብን?»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ዞር ብላ ዶክተሩ የተቀመጡበትን አየችና ገባች። አየሁት አጎቴ፤ ያንን አስተያየቷን አልረሳውም።

በአገራችን ሥርዓት በአደባባይ ጣት አይቀሰርም፤ የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ሹክ ይላል፤ ስሙም ሳይጠራ ወፍ ይባላል። እኔም ወደ አቶ አስናቀ ጠጋ ብዬ «ወፍ ካስፈለገ እኔ አለሁ» አልኋቸው።

«ምን ካስፈለገ?»

«ወፍ።»

«ገብሱን ወፍ መታው እንዴ? ይህን ለዶክተሩ ንገር እንጂ ለኔ ምን ያደርጋል!» ብለው ወደ ወንበራቸው ሄዱ። እውነት ሳይገባቸው ቀርቶ ነው ወይስ ገብቷቸው ነው? እስከ ዛሬ አልቈረጥሁም።

ከዚያ አንድ ፈረንጅ ከአስተርጓሚው ጋር ገባ። የማኅበሩ መርማሪ ነው ተባለ። ሽማግሌ የለ፣ ሹክታ የለ፤ እያንዳንዱን በስሙ እያስነሣ በሁሉ ፊት ይጠይቅ ጀመር። ሾፌሩ ተነሣ፤ «መቶ በመቶ።» ዘበኛው ተነሣ፤ «መቶ በመቶ።» ይኸው ሾፌር በመስቀል በዓል ማግስት የኃላፊውን እናት ሆስፒታል ሲያመላልስ የዋለ ነው። እኔ ስጠራ ዶክተሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ጀመር። ጋቢዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። የወጣኝ ቃል ይህ ነው፦

«እኔ ዋስ ያለብኝ ሰው ነኝ። ዋሴን ሳልጠይቅ ቃሌን አልሰጥም።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ፈረንጁ ግን እስኪተረጐምለት ጠብቆ፣ ሳይስቅ፣ ዋስህ የት ነው አለኝ። ጋይንት አልሁት። መልሱ መቼ ይደርሳል አለኝ። «የነጋዴው በቅሎ ካላነከሰች ዐቢይ ጾም ሳይገባ» አልሁት። እርሱም፣ በዚያን ጊዜ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ትነግረኛለህ ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ማግስቱን ዶክተሩ መደቡ ዳር አገኙኝ። አልተቈጡም፤ ቢቈጡ ይሻለኝ ነበር።

«ስማ ወርቁ። የገብሱ ገንዘብ ቢቋረጥ እኔ ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ አለኝ። ሜዳ ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ፤ አንተም፣ ዘበኛውም፣ ሾፌሩም። ደግሞ አጥሩን እጠር ያልሁህ እኔ ነኝ? ኃላፊው ሲያዝዝ እምቢ የምልበት ምን አፍ አለኝ?»

እውነታቸውን ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የዘበኛው ሚስት በቅርቡ ወልዳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ስቀርብ ሰዎቹ ወሬ ያቆማሉ፤ ዘበኛውም «ወፉ መጣ» ይላል። ለአቶ አስናቀ ብቻ የነገርኋቸውን ቃል እንዴት እንዳወቀው አላውቅም።

አሁን ደግሞ ሳልጽፈው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያልሁበትን ነገር እጽፋለሁ። ከብርቄ የመጣው መልእክት፣ አጎታችን ሁለተኛ በሬ ገዙ፤ ከአቶ አንዳርጌ ጋር መቀናጆው ቀረ፤ ከየት አመጡት ሲባሉ ይስቃሉ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል ባልሁ። ዶክተሩ ከአገራችን በተነሡበት ጠዋት እርስዎና እሳቸው ከአውድማው ጀርባ ብቻችሁን ቆማችሁ ስትነጋገሩ እኔ በቅሎ ስጭን አይቻለሁ። ስደርስ ዝም አላችሁ። ያን ጊዜ ስለኔ አደራ እየተባባላችሁ መስሎኝ ልቤ ሞቆ ነበር። አሁን ተግባብተናል የምትለዋንና ሁለተኛውን በሬ አንድ ላይ እየጠመድሁ ሌሊቱን አርስበታለሁ። ክፉ ልጅ አይበሉኝ። ከእርስዎ በቀር የማምነው ሰው ስለ ሌለኝ ነው እርስዎን መጠራጠር እንደ ሕመም የሆነብኝ።

አቶ አንዳርጌ «ጣሰው በኔ ቀን ጠምዶብኛል» ብለው የከሰሱዎትን ዘመን ያስታውሱ። ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀምጠው፣ እርፉን ይዤ የነበርሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ቀኑ የማን ነበር ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ ትክ ብለው አዩኝ። እኔም የአቶ አንዳርጌ ነበር አልሁ። ተፈረደብዎ። ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙ እስክንደርስ አላናገሩኝም፤ ቆዳዬ ሊገፈፍ ነው ብዬ ነበር። ውሃውን ተሻግረን ሲያበቃ፣ «ደግ አደረግህ። በሬ ቀኑ የማን እንደ ነበር አያውቅም፤ ሰው ነው የሚያውቅለት» አሉኝ። ያችን ቃል ይዤ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።

እዚህ ጥማድ ውስጥ፣ አጎቴ፣ በሬው እኔ ነኝ። ቀኑ የማን እንደ ነበር ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ በግልጽ እጠይቅዎታለሁ። ከአውድማው ጀርባ ምን ተባባላችሁ? ሁለተኛው በሬስ ከየት መጣ? በላብዎ የተገዛ ከሆነ እንዲህ ብለው ይላኩልኝ፤ ሳልፈራ እቆማለሁ፤ ስለ ጥርጣሬዬም ስመጣ ድንጋይ ተሸክሜ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ከሌላ እጅ የመጣ ከሆነ ግን ሳይጠየቁ ለሰጭው ይመልሱትና ዳልቻውን እንደ ቀድሞው ከአቶ አንዳርጌ በሬ ጋር ያጣምዱት። እኔ በሁለቱም መንገድ ያው ነኝ፤ ፈረንጁ ሲመለስ ገብሱ ላይ የዋልሁትን የገብሱ፣ አጥሩ ላይ የዋልሁትን የዩኒቨርሲቲው ነው እላለሁ። እንጀራዬ ቢቋረጥ እርሻ አውቃለሁ። ቃሌን የማሳድረው ዋሴን ሳላስጠነቅቅ እንዳልናገር ብቻ ነው።

መልሱን ሷሊህ ሲመለስ በእጁ ይላኩልኝ፤ ደብረ ታቦር የሚጠብቅልኝ ሰው አለ። ጾም ሳይገባ ይድረሰኝ። የሚጽፉልኝም የኔታ ራሳቸው ይሁኑ፤ በፊደላቸው የተማርሁ ነኝና እጃቸውን አውቀዋለሁ። በሌላ እጅ የተጻፈ ወረቀት ቢመጣኝ፣ ስምዎ ቢኖርበትም እንኳ፣ እርስዎ ነዎት ብዬ አላምንም።

የእኅትዎ ልጅ
ወርቁ እንግዳው