ሁለት ጋርድ፣ አንድ ኳስ

ሰኞ

አስቴር ዛሬም የቅርጫት ኳስ ልምምድ ላይ ኳሱን አልሰጠችኝም። ማንም ሳይይዘኝ ብቻዬን ቆሜ፣ እጄን እያውለበለብኩ ስሟን ስጠራ የሲቀላ ሰፈር ሁሉ ሰምቶኛል። እሷ ግን ሦስት ሰው መሃል ገብታ ተነጠቀች። እውነቱን ለመናገር እኔም አልሰጠኋትም። ግን እኔ ያልሰጠኋት እሷ ስላልሰጠችኝ ነው።

ኮች ታደሰ ፊሽካውን ነፍቶ ሰበሰበን። ነባሮቹ ተመርቀው ከከተማ ከወጡ ወዲህ ቡድኑ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ንግግር አለ። የዛሬው አጭር ነበር። እሁድ ከሶዶ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አለን። ከዚያ በኋላ ለክልሉ ውድድር ቋሚዎቹን ይመርጣል። ወደ እኔና ወደ አስቴር ዞሮ፣ "ሁለታችሁም ጎበዝ ናችሁ። አብራችሁ መጫወት ካልቻላችሁ ግን አንዳችሁን አስቀምጬ ህሊናን አስገባለሁ" አለ።

ህሊና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጥሩ ትጫወታለች፤ ችግሩም እሱ ነው።

የምትቀመጠው እኔ አይደለሁም። ለመጽናናት ብዬ አይደለም የምጽፈው። ኳስ እየመራች በማምጣት ከእኔ የፈጠነች ጋርድ አርባ ምንጭ ውስጥ የለችም።

ማክሰኞ

ከልምምድ በኋላ ወደ ሴቻ የሚወጣው ሚኒባስ እስኪሞላ ከአስቴር ጋር ቆምኩ። የዶርዜ ልጅ ናት፤ ሴቻ አክስቷ ጋር ትኖራለች። የእኔ ቤት እዚሁ ሲቀላ ስለሆነ ሚኒባስ የሚያስጠብቀኝ ነገር የለም፤ ላዋራት ብዬ ነው። ስለ ህሊና፣ ስለ እሁድ፣ ስለ ጫማዬ አወራሁ። መልሷ "እሺ"፣ "አዎ"፣ "አይ" ብቻ። ቆሽቴ አረረ።

ከዚያ እናቷ ደወሉ። በጋሞኛ እንዴት ያለ ወሬ! ትስቃለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ ትከራከራለች። ለካ ይቺ ልጅ አፍ አላት! የሚይዛት አማርኛው ነው። ሜዳ ላይ ቃል ፈልጋ እስክታገኝ ኳሱ አልፏል።

ስልኩን ስትዘጋ "ሜዳ ላይ በጋሞኛ ጥሪኝ" አልኳት።

"ትሰሚያለሽ እንዴ?"

"ቁጥር እሰማለሁ። የነጋዴ ልጅ ነኝ እኮ።"

ሳቀች። ለእኔ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ረቡዕ

አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ በሳሙና ካርቶኖች መሃል ተለማመድን። የተስማማነው፦

"ኢሲ"፣ ማለትም አንድ፦ ኳሱን አንዳችን ስናመጣ ሌላዋ ጥግ ትይዛለች።

"ኦይዱ"፣ አራት፦ እኔ ከተከላካይዋ ጀርባ ሾልኬ ወደ ቅርጫቱ እሮጣለሁ፣ እሷ ከፍ አድርጋ ትወረውርልኛለች።

ሌሎቹን ገና አልጨረስናቸውም። "ኦይዱ" ግን ነፍስ ነው።

አባቴ ደንበኛ እያስተናገደ "ሰሚራ፣ ይኼ ሱቅ ነው ሜዳ?" ብሎ ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ካርቶኖቹን ወደ ግድግዳ ገፍቶ ቦታ ለቀቀልን። ውዴ አባቴ።

ሐሙስ

ሠራ! ሠራ! ሠራ!

ኮች የዩኒቨርሲቲውን ልጆች በእኛ ላይ አሰለፈ። አስቴር "ኦይዱ!" ስትል ህሊና ወደ ግራ ታያለች፣ እኔ በቀኝ ገብቼ አስቆጥራለሁ። ደግመን፣ ደጋግመን። "ኮች፣ ምን እያሉ ነው? ማጭበርበር ነው ይኼ!" አለች ህሊና። ኮች ሳቀና "እሁድ እናያለን" አለ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አስቴርም አንዴ ካስቆጠርኩ በኋላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ያማል፤ እጇ ከባድ ነው።

ዓርብ

ልምምድ የለም። ከሰዓት አስቴርን የጫሞ አሳ ጥብስ ጋበዝኳት። እሾሁን እየለቀመች ቆይታ "የሶዶዎቹ ይሰማሉ እኮ" አለች።

"ምኑን?"

"ቁጥሩን። ወላይትኛ ለጋሞኛ ቅርብ ነው።"

"በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ማን ጆሮ አለው?" አልኳት። አልተከራከረችኝም። ትከሻዋን ሰበቀችና አሳዋን በላች።

ቅዳሜ

ነገ ነው። ማሊያዬን አጠብኩ። ሻርፔን የሚይዙልኝን መርፌ ቁልፎች አዘጋጀሁ። አልፈራሁም። ቁልፎቹን ሦስት ጊዜ የቆጠርኩት እንዳይጎድሉ ብዬ ነው።

እሁድ

በመጀመሪያው "ኦይዱ" ረጅሟ የሶዶ ጋርድ እኔ ከመድረሴ በፊት ቦታው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አጋጣሚ ነው አልኩ። በሁለተኛውም ቀደመችኝ። በሦስተኛው አስቴር ቃሉን ሳትጨርስ ልጅቷ "ኦይዳ!" ብላ ለጓደኞቿ ጮኸች። ፋውል ተነፍቶ ጎን ለጎን ስንቆም በአማርኛ፣ በትህትና፣ "እህቴ፣ እኛም እኮ እንደዚሁ ነው የምንቆጥረው" አለችኝ።

ኩም አልኩ። የወላይታና የጋሞ ደንበኞች አባቴ ሱቅ ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ሲከራከሩ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አስቴርም ነግራኝ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

እረፍት ስንወጣ በሰፊው እየተመራን ነበር። ህሊና ቱታዋን አውልቃ ሰውነቷን ታሟሙቃለች። ኮች አንዴ እኔን፣ አንዴ አስቴርን ያያል። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። ልቀመጥ ነው። እኔ!

ስንመለስ ባሰብኝ። በአማርኛ፣ በእጄ፣ በፉጨት ሳይቀር መምራት ጀመርኩ። "ወደዚህ! አይ፣ ወደዚያ! አስቴር!" አስቴር ኳሱን ይዛ ቆመችና ተጠባባቂዎቹ ሁሉ እስኪሰሙ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ዝም በይ ሰሚራ! ዝም ብለሽ እዪኝ!" ብላ ጮኸችብኝ።

እጄን አወረድኩ።

ዝም ብዬ ሳያት ገባኝ። ልትሰጠኝ ስትል ኳሱን አንዴ ከጉልበቷ በታች ዝቅ አድርጋ ታነጥራለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርግ ኖሯል፤ እኔ ስጮህ አላየሁም። ኳሱ ዝቅ ሲል ሮጥኩ። አስቆጠርኩ። እሷም የእኔን ምልክት አገኘችው፦ ላቀብል ስል ከንፈሬን እንደምነክስ በኋላ ነገረችኝ። ረጅሟ ልጅ የምትሰማው ነገር ስታጣ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ህሊና ቱታዋን መልሳ ለበሰች።

በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ትንሽ ጊዜ ቢኖረን እናሸንፍ ነበር፤ ይኼንን ማንም አያስክደኝም። ኮች ግን ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ሰኞ

ቋሚዎቹ ተነገሩ። አስቴር አለች። እኔም አለሁ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ኮች ቀጠለ፦ "ኳሱን የምታመጣው አስቴር ናት። ሰሚራ ያለ ኳስ ትሮጣለች።" ከልጅነቴ ጀምሮ ኳስ የማመጣው እኔ ነኝ። አስቴር ጠጋ ብላ "ተናደድሽ?" አለች።

"አዎ።"

"እኔም ብሆን እናደድ ነበር" አለችና ውሃዋን ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። "ኳሱን እሷ ካመጣች አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?" አለ።

"ነጥብ አስቆጥራለሁ።"

ሂሳቡን አቁሞ አሰበበት። "እሷ ዕቃ ታመጣለች፣ አንቺ ትሸጫለሽ ማለት ነው። ታዲያ ምን ያኮርፍሻል? ትርፉ ሱቅ ላይ ነው ያለው።"

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ቅናቱ ገና አልወጣልኝም፤ ነገም የሚወጣልኝ አይመስለኝም። ግን ልምምዱ እስኪደርስ ቸኩያለሁ።