በአደራ ስለሰጠንዎ አራት ፊርማዎች

ለተከበሩ የመንግሥት ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ሳንባዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኛ ነገር አጠራጣሪ ሆኗልና።

እኔ በውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የፈረቃ መዝገብ ያዥ ነኝ። የክሎሪን ጋዝ ሲያፈተልክ የሚጮኸው ማንቂያ ከተበላሸ ሰባት ወር ስላለፈው፣ እኔ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ መካኒኩና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የፓምፕ ኦፕሬተር ፈርመን፣ «በምስጢር ይያዝልን» ብለን ለማኅበራችን ማመልከታችን ይታወሳል። ለፈጣን ምላሽዎ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩. ደብዳቤያችን በሦስተኛው ቀን ከነፊርማችን፣ የማኅበሩ ማኅተም አርፎበት፣ ሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛ ላይ ተገኝቷል። እንዲህ የሚፈጥን ጉዳይ በመሥሪያ ቤታችን አይተን አናውቅም።

፪. የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በሳምንቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውራ ከአሮጌ ጎማዎች ጋር ተቀምጣለች። መካኒኩ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠርቶ ከጠየቀው ወዲህ ከእኛ ጋር ምሳ አይበላም፤ ሰላምታውም በአንገቱ ብቻ ሆኗል። ስላጠናከሩልን የአባላት አንድነት እናመሰግናለን።

፫. ሥራ አስኪያጁ ጋሼን «አደጋ አለ ካሉ፣ ክሎሪን ክፍሉ ይግቡና የጋዝ ሲሊንደሮቹን ራስዎ ይፈትሹ» ብለው አዘዟቸው። ጋሼ በሩ ላይ ቆም አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «ስማኝ ልጄ፣ ካልወጣሁ ተከትለኸኝ እንዳትገባ፤ ሰው ጥራ» አሉኝ። ማንቂያው አልጮኸም፤ የጮኹት እሳቸው ናቸው። ቃላቸውን ሳላከብር ትንፋሼን ይዤ ገባሁና ጎትቼ አወጣኋቸው። አሁን ሆስፒታል ተኝተው በኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ መናገር ስላቃታቸው ልጃቸው የምታነጋግራቸው በምልክት ነው። ማኅበሩ ግን አልረሳቸውም፤ ጣቢያችን «ከአደጋ ነፃ የሥራ ቦታ» መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ራስጌያቸው ላይ አሰቅሎላቸዋል።

፬. ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። አራተኛው ፈራሚ እኔ ስለሆንኩ፣ ምን እንደሚጻፍበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ሳያውቁት አይቀርም።

በምስጢር የጻፍነው የት እንደሚደርስ ስላየሁ ይህን በአደባባይ ጽፌዋለሁ። ማንቂያው እስካሁን አልተጠገነም፤ ከአጥራችን ማዶ ደግሞ ትምህርት ቤት አለ።

ስላደረጉልን ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ሊያደርጉልን ያሰቡት እንዲዘገይ እየተማጸንኩ፣

ታማኝ አባልዎ፣
የፈረቃ መዝገብ ያዡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ለመላክ አድራሻዬን በመፈለግ አይድከሙ። የማኅበሩ ሹፌር ትናንት ቤታችን ድረስ መጥቶ ባለቤቴን «ጠዋት በየትኛው መንገድ ነው የሚሄደው?» ሲል በትሕትና ጠይቋታል። እሷም ነገረችው፤ የማኅበራችን ሰው ነው ብላ።